የሳንባ ነቀርሳዬ፣ ሌዘሩና አሥራ ዘጠኙ ቀን

ወርቁ እባላለሁ። ቦንጋ ውስጥ ከገበያው ወደ ላይ ስትወጡ በስተግራ ያለችውን የሬዲዮ ጥገና ሱቅ የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ ትናንት ከመኪና የወረደ እንግዳ ነው። አስተማሪ የሚባል አልነበረኝም። ፊደል የቆጠርኩት በቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ኤሌክትሪክ የተማርኩት የተጣለ ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። እንግሊዝኛም ቢሆን ከካርቶን ጀርባና ከመመሪያ ወረቀት ለቅሜ ያገኘሁት ነው። ከትራንዚስተር እስከ ቴፕ፣ ከቴሌቪዥን እስከ ዲሽ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔ ፈትቼው ዝም ብሎ የቀረ ዕቃ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራት ብቻ አይደለም። እኔ ማን እንደሆንኩ ካላወቃችሁ፣ በኋላ የምነግራችሁ ነገር አይገባችሁም።

ሳል ይዞት ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞር ሰው ይህን ያንብበው። ከእሱ ይልቅ ግን በሰፈሩ «እሱን ጠይቁት፣ እሱ ያውቃል» የሚባል ሰው ቢያነብበው እመርጣለሁ።

ሳሉ የጀመረኝ በክረምት ነው። በእኛ አገር ክረምት ያላሳለ ሰው የለም፤ ስለዚህ ማንም አልገረመውም። እኔ ግን ምክንያቱን ወዲያው ደረስኩበት፤ የካውያ ጭስ ነው አልኩ። ሬዲዮ ስንጠግን ሊድ የምንላትን ሽቦ በጋለ ካውያ እናቀልጣለን፤ ጭሱም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ነው የሚወጣው። መስኮት ከፍቼ መሥራት ጀመርኩ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ጫፍ አሰርኩ። ባለቤቴ አስካለ፣ «ሃምሳ ዓመት ያልገደለህ ጭስ ዘንድሮ ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ። ጭስ በሳንባ ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ልክ ኮንደንሰር የሚባለው የሬዲዮ ዕቃ ኤሌክትሪክ እንደሚያጠራቅመው አድርጌ አስረዳኋት። ምሳሌው ጥሩ ምሳሌ ነበር። ነገሩ ግን ሐሰት ነበር።

መስከረም ላይ ሱሪዬ ከወገቤ መውረድ ጀመረ፤ በቀበቶዬ ላይ በዚያው በካውያ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ሌሊት ላብ አንሶላውን ያረጥበዋል፣ ጠዋት ግን ብርድ ብርድ ይለኛል። መጀመሪያ ፋርማሲ ሄጄ የምፈልገውን መድኃኒት በስሙ ጠርቼ ወሰድኩ። ቀጥሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደሜን አይተው ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ ሳንባ ምች ነው ብሎ ጠዋትና ማታ መርፌ ወጋኝ። ሦስተኛው አስም ነው ብሎ በአፍ የሚነፋ ነገር ሰጠኝ። ሰው ሲሰማ ሐኪሞቹን ይወቅሳል። እኔ ግን አልወቅሳቸውም፤ ለሦስቱም የነገርኳቸው የካውያውን ጭስ ታሪክ ነው። ሐኪም የነገርከውን ይዞ ነው የሚነሳው፤ እኔ ደግሞ ሳስረዳ ሰው አሳምናለሁ። አንዱም «አባባ፣ ይህ ሳል ስንት ሳምንት ሆነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ፋታ አልሰጠሁትም።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን የቆየ አምፕሊፋየር ፈትቼ፣ ራሴ የሳልኩትን የሽቦ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እየሠራሁ ሳል ያዘኝ። ቀና ስል ሥዕሉ ላይ ደም አየሁ። ብዙም አይደለም፤ የጣት ጥፍር ያህል ነው። ወረቀቱን አጠፍኩና ሱቄን ዘግቼ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። በዚያ መንገድ ላይ ለማንም ምንም ያላስረዳሁበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

የቲቢ ክፍሉ ከግቢው በስተኋላ ለብቻው ነው። አግዳሚ ወንበሩ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ተቀምጧል፤ ዝናብ ሲመጣ ጉልበት ድረስ ይረጫል፤ ቢሆንም ወደ ውስጥ የሚገባ የለም። ሰው እዚያ ሲቀመጥ በመሐሉ የአንድ ሰው ቦታ ይተዋል። ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው። እኔ ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው ነኝና የት ልዙር? የክፍሉ ነርስ ሲስተር ማርታ አክታዬን በሁለት ዕቃ ተቀብላ በማግስቱ ጠራችኝ። «ጋሽ ወርቁ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናሉ። ግን ስድስት ወር ክኒኑን አንድ ቀን ሳይዘሉ ነው የሚድኑት፤ ሲሻልዎትም ጭምር» አለችኝ። ያን ቀን ከሻይ ብርጭቆዋ ጎን የነበረውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ ክኒኑን በባዶ ሆድ እንዳልውጠው ብላ። በኋላ ሰው ሁሉ ከእኔ እጅ ዕቃ በፌስታል መቀበል ሲጀምር፣ እሷ እጄን በእጇ ነው የነካችው። ይህን አልረሳም።

ቤት ውስጥ አስካለ የእኔን ብርጭቆና ሳህን ለብቻ አደረገች። እሷም ተመርምራ ነጻ ሆነች፤ ቢሆንም ወደ ሌላኛው ክፍል ተዛወረች። ትክክል ነበረች። ግን አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ሳህኔን በእግሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። አላየም ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ደካ ከተማ ያለችው ልጃችን ለበዓል እንደማትመጣ በስልክ ነገረችን፤ ምክንያቱ መንገዱ ነው አለች። ደንበኞቼ ሬዲዮዎቻቸውን እየመጡ ወሰዱ፤ ያልተጠገነውንም ጭምር። ክኒኑ ሽንቴን እንደ ቀይ ሻይ አደረገው፣ ጉልበቴን ፈታው፣ ምግብ አስጠላኝ።

በዚህ መሐል ነው ሌዘሩ የመጣው። አንድ ሰው ከሌላ ከተማ ማሽን ይዞ ሰኞና ሐሙስ ቦንጋ እየመጣ በመናኸሪያው አጠገብ በተከራያት ክፍል ማከም ጀመረ። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ባለሌዘሩ ልበለው። ሌዘር ማለት ተሰብስቦ በአንድ መስመር የሚሄድ ብርሃን ነው። የእሱ ዓይነት በዓይን የማይታይ፣ የማያቃጥል፣ ሥጋን አልፎ የሚገባ ነው ይላል። ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለቁስል ይሰጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳም ከክኒኑ ጋር ተጨማሪ ሆኖ ያግዛል አለ። ተጨማሪ ማለቱን አስምሩበት፤ ሰውዬው ክኒን ተዉ ብሎ አያውቅም።

ሲስተር ማርታን ጠየቅኋት። በሌላ አገር ሐኪሞች ከክኒን ጋር አድርገው እንደሞከሩት ሰምታለች። ጠቀመ ተብሎ ለእነሱ የመጣ መመሪያ ግን የለም። ስለዚህ እሷ ሂዱም አትሂዱም አትልም፤ ክኒኑ ግን በየቀኑ ከእጇ እንዲወሰድ ነው የምትፈልገው። እኔ ያን ስሰማ ደስ አለኝ። ያልተረጋገጠ ነገር ከሆነ የሚያረጋግጠው ሰው ተገኝቷል አልኩ።

እናም ግምገማ ጀመርኩ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቡና ነጋዴው ሚዛን ላይ፣ ጆንያ በሚመዘንበት ላይ ቆሜ ክብደቴን አስመዝን ነበር። ሳሌን ደግሞ በሬዲዮ እለካው ነበር፤ የማታው ዜና ተጀምሮ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንዳሳልኩ እቆጥራለሁ። ዜናው ሁልጊዜ እኩል ርዝመት ስላለው ከሰዓት ይሻላል። የተማሩ ሰዎች ይህን ዘዴ ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላመጡልኝም። ሰኞና ሐሙስ ሸሚዜን አውልቄ አልጋው ላይ እተኛለሁ። ባለሌዘሩም እኔም ዓይናችን እንዳይጎዳ ጥቁር መነጽር እናደርጋለን። ማሽኑ ይጮኻል፣ ቀይ አምፖል ይበራል፣ እሱም የማሽኑን አፍ ደረቴ ላይ ቀስ እያለ ያዞራል። በሦስተኛው ሳምንት ሳሌ በግማሽ ቀነሰ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ ቆመ።

ግምገማ ግን ማወዳደሪያ ይፈልጋል። ብርሃን የሌለው ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱም በእግሩ መጣ።

አደሎ ሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነበር። ዋጫ ከተማ አጠገብ ቡናና ንብ አለው። ጫካ ገብቶ ቀፎ ሲሰቅል በአንገቱ የሚያንጠለጥላት ትንሽ ሬዲዮ አለችው፤ በየዓመቱ ትሰበራለች፣ በየዓመቱ ይዟት ይመጣል። እኔ በዚያው ቀን እሠራታለሁ፣ እሱ ማር ይሰጠኛል። ሲያሾፍብኝ «ኢንጂነር» ይለኛል። ማንበብ አይችልም። ኅዳር መጨረሻ ላይ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አክታውን ለማስመርመር መጥቶ ነው። በመሐል የሰው ቦታ ሳይተው ተጠግቶኝ ተቀመጠና፣ «ኢንጂነር፣ በሽታውን ከሬዲዮዋ ጋር ነው መሰለኝ የሰጠኸኝ» አለ። የሁለታችንም ሳል እስኪነሳ ሳቅን።

እሱም ተገኘበት። ክኒኑን ዋጫ ጤና ጣቢያ ጀመረ። ለገበያ በመጣ ቁጥር ሚዛኑ ላይ አቆመዋለሁ፣ ዜናውን አብረን እንሰማለን፣ የእሱንም ሳል እቆጥራለሁ። በደብተሬ ግራ ገጽ «ብርሃን ያለው»፣ በቀኝ ገጽ «ብርሃን የሌለው» ብዬ ጻፍኩ። በግራ በኩል ቁጥሩ ያምር ነበር፤ በቀኝ በኩል ግን ፈቀቅ አይልም። አሁን ስታነቡት ስህተቱ ወዲያው ይታያችኋል። እሱ ክኒን የጀመረው ከእኔ ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ነው። ሲጀምርም ከእኔ የባሰ ሆኖ ነው። እኔ ይህን አላየሁትም ማለት አልችልም፤ አየሁትና ጥቃቅን ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አክታዬ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ በእድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩ። «እኔን ያነሳኝ ብርሃኑ ነው» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ከፊት ወንበር ተነስተው ቦታ ሰጡኝ፤ ከሁለት ወር በፊት አጠገቤ መቀመጥ የፈሩ ሰዎች ናቸው።

ጥር አጋማሽ ላይ አደሎ ዕቃውን ጠቅልሎ ቦንጋ ልጁ ቤት መጣ። ስለ ብርሃኑ ሰምቶ ነው። የሰማውም ከእኔ ነው። ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አንብብልኝ አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። የዝውውር ወረቀት ነው፤ ከዋጫ ጤና ጣቢያ ለቦንጋ ቲቢ ክፍል፣ ታካሚው ሕክምናውን እዚያ ሳያቋርጥ እንዲቀጥል የሚል። የዚያኑ ቀን መውሰድ ነበረብን። ሆስፒታሉ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ግን በማግስቱ ሰኞ ስለነበር፣ «መጀመሪያ ብርሃኑን አስጀምርህ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» አልኩት። ወረቀቱን እንደነበረው አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሰኞ ብርሃኑን ጀመረ። ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ እኔ ሥራ ነበረኝ። ከዋጫ ይዞት የመጣው ክኒን ለጥቂት ቀን በቃውና አለቀ። አንድ ቀን ወረቀቱን ሳስታውሰው እጁን አወናጨፈ። «ክኒኑ ሆዴን ይበላኛል። አንተ ያነሳኝ ብርሃኑ ነው ብለህ የለ?» አለኝ።

ብዬ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ዳግመኛ አላነሳሁበትም።

ጥር ሊያልቅ ሲል በአንዱ ሐሙስ፣ ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ላሳየው ብዬ አደሎ ሲታከም በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ደነገጥኩ። ይህን የሚያውቀው የእኔ ሙያ ያለው ሰው ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ተበላሽቶ ሲመጣልን መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ፊቱን ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ መጫን ነው። የሪሞት ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ካሜራ ግን ያየዋል፣ እንደ ወይን ጠጅ ቀለም ብልጭ ይላል። ብልጭ ካላለ ሞቷል ማለት ነው። ባለሌዘሩ ራሱ የነገረኝ የማሽኑ ብርሃን የዚያው ዘር ነው። በቪዲዮው ግን ቀዩ አምፖል ብቻ ነው የሚታየው። የማሽኑ አፍ እንደ ጉድጓድ ጨለማ ነው።

ስልኩ ነው ብዬ የራሳችንን ሪሞት አምጥቼ ሞከርኩ። በደንብ በራ። የአስካለን ስልክ ወስጄ ሞከርኩ፤ እሱም ላይ በራ። ሰኞ ዕለት ለባለሌዘሩ ለብቻው አሳየሁት። ፊቱ ነጣ። ሰውዬው አጭበርባሪ አልነበረም፤ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ በየሳምንቱ የማይታይ ነገር ሲያዞር የኖረ፣ የገዛ እናቱን ጉልበት በዚያ ያከመ ሰው ነው። «አባባ፣ ለማንም አይንገሩብኝ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ይጠግኑልኝ» አለኝ።

ከሁለቱ ቃላት የያዘኝ የመጨረሻው ነው። ይጠግኑልኝ። ከጠገንኩት የተናገርኩት ውሸት አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ብርሃኑ ይበራል፣ አደሎ ይድናል፣ ደብተሬም እውነት ይሆናል። ለማንም ላለመናገር ተስማማን።

ማሽኑን በየቀኑ ሱቄ ውስጥ ማሳደር ጀመርኩ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ባለሌዘሩ መጥቶ ይወስደዋል፣ ሰው ያክምበታል፣ ማታ ይመልስልኛል። ስከፍተው ብርሃን የሚሰጠው ዕቃ ተቃጥሎ አገኘሁ። ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ጫፉ ተበጥሶ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። መዳብ እንደዚያ የሚሆነው በብዙ ወር ነው፤ እኔ መታከም ከመጀመሬ በፊት የተበጠሰ ነው። ይህን ያወቅሁበትን ሰዓት አስታውሳለሁ። ለእኔም አንድ ቀን አልበራም ማለት ነው። እኔ የዳንኩት ያለ ብርሃን ነው። በደብተሬ ግራ ገጽ ላይ የጻፍኩት ሁሉ፣ ክብደቱም የሳሉም መቀነስ፣ ሲስተር ማርታ በየቀኑ በእጄ ያስቀመጠችው ክኒን ሥራ ነው። በሁለቱ ገጾች መሐል የነበረው ልዩነት ብርሃን ሳይሆን የአንድ ወር ክኒን ነበር።

ይህን አውቄም ካውያዬን አላስቀመጥኩም። ከድሮ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ብርሃን ሰጪውን እየነቀልኩ ገጠምኩ፤ አልተስማማም። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ኃይል መስጫውን ደግሜ ሠራሁ። አስካለ ምሳ ይዛ መጥታ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ጥገና ነው አልኳት። ጥገና መሆኑ እውነት ነው። በእነዚያ ቀናት ከሱቄ እስከ መናኸሪያው ሰኞና ሐሙስ እየሄድኩ አደሎ በሞተ ማሽን ሥር ሲተኛ አይቻለሁ። የጎን አጥንቱ የቀፎ ቀርከሃ መስሏል። መነጽሩን እንዳደረገ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬስ ይበራል?» ይለኛል፣ ለቀልድ። እኔም ይበራል እላለሁ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ ከሕክምናው ወጥቶ በሩ ላይ ባለው ግንድ ተቀመጠና አሳለ። ሶፍት አፉ ላይ ያዘ። ሶፍቱን ሲያጥፍ ደሙን አየሁት፤ እኔ ያን ቀን በሽቦ ሥዕሌ ላይ ካየሁት ብዙ እጥፍ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። ከማሽኑ ጀመርኩ፤ የስልኩን ካሜራ፣ ሪሞቱን፣ የሽቦውን ሻጋታ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ። የተነጋገርነው በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ ነው፤ እንደዚህ ነበር፤

«አይበራም ማለት ነው?»

«አይበራም። ለእኔም በርቶ አያውቅም። የዳንኩት በክኒኑ ነው።»

«ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?»

ትናንት ማለት እችል ነበር። «አሥራ ዘጠኝ» አልኩት።

ወደ መናኸሪያው ዞረ። ወደ ዋጫ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳት እየተጣራ ነበር።

«የእኔን ሬዲዮ በአንድ ቀን ነበር የምትሠራው» አለኝ።

አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ከኪሱ ያን ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። «በል፣ አሁን ውሰደኝ» አለ።

ሲስተር ማርታ ወረቀቱን ተቀብላ ቀኑን አየች። ማን እንዳነበበለት ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መጻፏን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አክታው ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ለሁለታችንም አስረዳችን። ክኒን መሐል ላይ ሲቋረጥ የተረፉት ተዋሲያን መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ ከዚያ በኋላ ያው ክኒን አይገድላቸውም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይባላል፤ የአደሎም እሱ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ከመጀመሪያውም እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ አይታወቅም አለችን። ይህን ያለችው አዝናልኝ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው እንደዚያ ቢሆን እንኳ፣ ወረቀቱን በቀኑ ወስደነው ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይታወቅ ነበር።

አደሎን ወደ ሌላ ከተማ፣ የዚህ ዓይነት ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ላኩት። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁት፤ በመስኮት በኩል ነው ያነጋገርኩት። አዲሱ መድኃኒት ጆሮው ውስጥ እንደ ንብ ይጮህበታል፤ የራሱ ንቦች ማር ግን በዚያ ዓመት ማን እንደሚቆርጥ አያውቅም። ሬዲዮዋን ይዤለት ሄጄ ነበር። የዚያ ሆስፒታል ነርስ ተቀበለችኝና አልጋው ላይ አስቀመጠችለት። አልከፈታትም። በሦስተኛው ወር ሞተ። እኔ ያን ጊዜ የስድስት ወሩን ክኒን ጨርሼ «ድነሃል» የሚል ካርድ ከወሰድኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

ባለሌዘሩ አንድ ሐሙስ ሳይመጣ ቀረ፤ ክፍሉን አሁን የጫማ ሻጭ ተከራይቷታል። እኔም በእድሩ ስብሰባ በፊት በቆምኩበት ቦታ ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። ብርሃኑ አልነበረም፣ ክኒኑ ነው አልኩ። በዚያን ቀን ያጨበጨበ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ወንድሙን በሌላ ከተማ ሌዘር የሚያሳክም ነው፣ ተነስቶ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ አንተ በዓይናችን እያየን ነው በእሱ የዳንከው። አሁን ምን ተገኝቶ ነው?» አለኝ። ስለ ካሜራውና ስለ ሽቦው አስረዳሁት። እኔ ሳስረዳ ሰው አሳምናለሁ ብያችኋለሁ፤ እሱን ግን አላሳመንኩትም። የመጀመሪያው ቃሌ ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን ይዟል።

ሌዘር በዓለም ላይ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። እኔ የገመገምኩት አንድ የሞተ ማሽን ነው፤ በአንድ የሞተ ማሽን ስለ ብርሃን ሁሉ መፍረድ አይቻልም። አንድ ቀን አዋቂዎች ከክኒን ጋር ይጠቅማል ብለው ካረጋገጡና ሲስተር ማርታ በእጇ ከሰጠቻችሁ ውሰዱት። እስከዚያው ግን ማንም የሚሰጣችሁን ተጨማሪ፣ ውኃም ይሁን ብርሃን ወይም ሥር፣ ከክኒኑ በኋላ አድርጉት። የታጠፈ ወረቀት ከሰጧችሁ በዚያው ቀን አድርሱት። የሚያነብላችሁ ሰው ነገ ቢላችሁ፣ ከእጁ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ሂዱ።

ደብተሩን አልጣልኩትም። ግራና ቀኝ ገጹ እንዳለ ነው፤ አልሰረዝኩም። ከሥሩ የአደሎን ስምና አሥራ ዘጠኝ የሚል ቁጥር ጽፌበታለሁ።

ሱቄ አሁንም ክፍት ነው። ሰዎች ዕቃቸውን ያለ ፌስታል፣ በእጃቸው ያቀብሉኛል። እጄ አሁንም አይንቀጠቀጥም፣ ጆሮዬም ሬዲዮ ገና ሳይከፈት በሽታውን ይሰማል። ቦንጋ ውስጥ እኔ ሳላውቀው ያለፈኝ ብልሽት የለም። የዚያን ማሽን ብልሽትም አሥራ ዘጠኙን ቀን ሙሉ አውቄው ነበር።